«ቢያንስ በእሱ ጊዜ ሰላም ነበር»

ስለ ሶሪያ፣ ስለ ኢራቅ ወይም ስለ ሊቢያ ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህን አባባል የሚወረውር ሰው አይጠፋም። ሳዳም ቢኖር አይሲስ የሚባል ነገር አንሰማም ነበር ይላል። ጋዳፊ ቢኖር ሊቢያ እንዲህ አትፈርስም ነበር ይላል። አሳድን ባይነካኩት ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ ባልተሰደደ ይላል። እንዲህ የሚሉ ሰዎችን አልንቃቸውም። አገር ሲፈርስ ምን እንደሚመስል አይተዋል። ከትርምስ አምባገነን ይሻላል የሚያሰኛቸው ፍርሃት ነው፤ ፍርሃታቸውም መሠረት አለው።

አንድ ጥያቄ ግን ለዓመታት አልለቀቀኝም። አምባገነኑ በተንገዳገደ ማግስት ጥቁር ባንዲራ ይዞ የሚወጣው ታጣቂ ከየት መጣ? በአንድ ሌሊት አልበቀለም። መሪዎቹ የተዋወቁበት ቦታ አለ። ሰው ማሰቃየትን፣ ጎረቤትን በጎረቤት ማሰለልን የተማሩበት ቦታ አለ። አገሩን ተረክቦ ሊመራ የሚችል ሌላ የተደራጀ ኃይል ያልነበረበትም ምክንያት አለው። ያነበብኩትን ሁሉ ስደምረው የምደርሰው አንድ ቦታ ነው። አምባገነኑ መሃል ላይ የነበሩትን ሰዎች አስቀድሞ ጨርሷቸዋል። ጠበቃው ታስሯል። ጋዜጠኛው ተሰዷል። የሠራተኛ ማኅበሩ ፈርሷል። ለዘብ ያለ ነገር የሚሰብከው ሼክ ወይ የመንግሥት ተከፋይ ሆኗል፣ ወይ አፉን ዘግቷል። ጦርነት ሲመጣ ታዲያ ሜዳው ላይ የቀሩት ወታደሩና አክራሪው ብቻ ናቸው።

ሶሪያን በሰፊው ላንሳ፤ ነገሩ እንደዚያ ፍንትው ብሎ የታየበት አገር የለምና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባዝ ፓርቲ በ1963 ሥልጣን ሲይዝ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። አዋጁ የተነሳው በ2011 ነው። ሰው ተወልዶ፣ አግብቶ፣ የልጅ ልጅ እስኪያይ ድረስ አገሩ አስቸኳይ ጊዜ ላይ ነበረች ማለት ነው። ሐፌዝ አል አሳድ በ1970 መጣ። በ2000 ሲሞት ሥልጣኑን ልጁ በሽር ወረሰ። በ1982 ሐማ ከተማ ውስጥ የሙስሊም ወንድማማቾች አመጽ ሲነሳ ጦሩ ከተማዋን ለሳምንታት ደበደበ። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ዝቅተኛው ግምት እንኳ በሺዎች የሚቆጠር ነው። ከዚያ በኋላ ሶሪያ ጸጥ አለች። ሰው እቤቱም ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ለመደ። ይህን ጸጥታ ሰላም ብዬ ለመጥራት ይከብደኛል።

በ2011 መጀመሪያ ላይ በደቡባዊቷ ዳርዓ ከተማ ልጆች የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ «ተራው ያንተ ነው ዶክተር» ብለው ጻፉ። በሽር የዓይን ሐኪም ነበር። ልጆቹ ተይዘው ተሰቃዩ። ወላጆቻቸው ቢለምኑ ሰሚ አጡ። ማርች 18 ሕዝቡ አደባባይ ሲወጣ ተተኮሰበት። በእነዚያ የመጀመሪያ ወራት ሕዝቡ የጠየቀው ግልጽ ነበር። ልጆቻችን ይፈቱ፣ ሙስና ይብቃ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ይነሳ። ኸሊፋ ይሾምልን ብሎ የወጣ ሰልፈኛ አልነበረም።

ደማስቆ አጠገብ ባለችው ዳራያ ጊያት ማታር የሚባል ወጣት ልብስ ሰፊ ነበር። እሱና ጓደኞቹ ሰልፍ እንዲበትኑ ለተላኩት ወታደሮች ጽጌረዳና ውሃ ያድሉ ነበር። በሴፕቴምበር 2011 ተያዘ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሬሳው ለቤተሰቡ ተሰጠ፤ የስቃይ ምልክት ነበረበት። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች።

ስለዚህ ልጅ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። አበባ ያደለ ሰው አንድን መንግሥት ለምን ይህን ያህል ያስፈራዋል? መልሱ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ። መሣሪያ የያዘውን ሰው አሸባሪ ብለህ ትገድለዋለህ፤ ዓለምም ግማሹን ያምንሃል፤ ወታደርህም ሳያቅማማ ይተኩሳል። ጽጌረዳ ይዞ የመጣውን ሰው ግን ወታደርህ ሊያዝንለት ይችላል። ሊያናግረውም ይችላል። ለሥርዓቱ የሚያሰጋው ይሄ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ይሆናል።

በዚያው ዓመት ሌላ ነገር ሆነ። መንግሥት ምህረት አደረግሁ ብሎ ሳይድናያን ከመሰሉ እስር ቤቶች ሰዎችን ለቀቀ። ከተፈቱት መካከል ዛህራን አሉሽና ሐሰን አቡድ ይገኙበታል። አሉሽ ጄሽ አል ኢስላም የሚባለውን፣ አቡድ ደግሞ አህራር አል ሻም የሚባለውን ትልልቅ ሃይማኖታዊ ታጣቂ ቡድን መሩ። ሥርዓቱ አመጹን አክራሪ ለማስመሰል ሆን ብሎ ነው የለቀቃቸው የሚሉ ብዙ ሶሪያውያን አሉ። በሕዝቡ ግፊት ተገዶ ያደረገው ነው የሚሉም አሉ። የባለሥልጣን ልብ ገብቶ ማየት አይቻልም። የማይካደው ግን እነዚህ ሲፈቱ ሰላማዊዎቹ አክቲቪስቶች በገፍ ይታፈሱ እንደነበር ነው።

የራዛን ዘይቱኔ ታሪክ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ራዛን ጠበቃ ነበረች፤ ለዓመታት ለፖለቲካ እስረኞች የቆመች። አመጹ ሲጀመር የደረሰውን በደል ሁሉ በስም፣ በቀንና በቦታ የሚመዘግብ ማዕከል ከጓደኞቿ ጋር አቋቋመች። መንግሥት የገደለውን ትመዘግባለች። አማጺ የገደለውንም ትመዘግባለች። የአውሮፓ ፓርላማ የ2011ን የሳካሮቭ ሽልማት ከሰጣቸው አምስት ሰዎች አንዷ ነበረች። ደህንነቶች ሲያሳድዷት ተደብቃ ኖረች፤ በኋላም አማጺዎች ወደያዟት ዱማ ሄደች። ዲሴምበር 9 ቀን 2013 ጭምብል ያጠለቁ ታጣቂዎች ከባሏና ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር አፍነው ወሰዷት። ዱማ ያኔ የጄሽ አል ኢስላም ዋና ይዞታ ነበረች። ቡድኑ እኔ አይደለሁም ብሏል፤ ቤተሰቦቻቸውና የመብት ድርጅቶች ግን የሚጠረጥሩት እሱን ነው። አራቱም እስከ ዛሬ የት እንደደረሱ አልታወቀም።

አምባገነኑ ያሳደዳት ሴት አምባገነኑ ከእስር የለቀቀው ሰው በሚገዛው ከተማ ውስጥ ጠፋች። ሁለቱ ወገኖች ይዋጉ ነበር፤ ራዛንን ግን ሁለቱም አልፈለጓትም። ካፍራንቤል በምትባል ትንሽ ከተማ ሬዲዮ የከፈተው ራኢድ ፋሪስም እንደዚሁ ነው። የአሳድ አውሮፕላን ሬዲዮ ጣቢያውን ደበደበ። አይሲስ ሊገድለው ሞከረ። የአልቃይዳ የሶሪያ ቅርንጫፍ የነበረው የኑስራ ግንባር አሰረው። በኖቬምበር 2018 ማንነታቸው ያልታወቀ ታጣቂዎች መንገድ ላይ ተኩሰው ገደሉት።

ጦርነቱ ራሱ ደግሞ ጨካኙን ይመርጣል። ሰልፍ ብዙ ሰው ይፈልጋል። ጦርነት የሚፈልገው ዲሲፕሊን፣ ገንዘብና ሞትን የማይፈራ ተዋጊ ነው። አክራሪዎቹ ሦስቱም ነበራቸው። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ ገንዘብ ነበራቸው። በኢራቅ ጦርነት የተፈተነ አዋጊ ነበራቸው። ሰፈሩን ለመጠበቅ የአጎቱን ጠመንጃ ይዞ የወጣው ተራ አማጺ ጥይት ሲያልቅበት ጥይት ወዳለው ቡድን ሄደ። ብዙዎቹ ሃይማኖታዊ ክርክር ሰምተው አልገቡም። ደመወዝና መሣሪያ ያለበት ነው የገቡት። በኦገስት 2013 ደማስቆ አጠገብ ባለችው ጉታ ላይ በኬሚካል ጋዝ ሕፃናት ተኝተው ሲያልቁ፣ ዓለምም አውግዞ ሲያልፍ፣ አክራሪው ሰባኪ የሚናገረው ነገር ሞላለት። «አይታችኋል፣ ከእኛ በቀር ማንም የላችሁም» ለማለት ከዚያ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም።

በዲሴምበር 2024 የአሳድ ሥርዓት ሲወድቅ ደማስቆ የገባው ማን ነበር? አቡ ሞሐመድ አል ጆላኒ፣ ዛሬ አህመድ አል ሻራ የሚባለው። በኢራቅ የተዋጋ፣ እዚያም በአሜሪካኖች እስር ቤት ዓመታት ያሳለፈ፣ የአልቃይዳን የሶሪያ ቅርንጫፍ መሥርቶ በ2016 ከአልቃይዳ ተለየሁ ያለ ሰው ነው። ወደፊት ምን እንደሚሆን ጊዜ ያሳያል። ከዓመታት ጦርነት በኋላ አገሩን ለመረከብ የተደራጀ ኃይል የነበረው ግን እሱ ነበር። ጊያትና ራዛን እዚያ አልነበሩም።

ኢራቅን ሳነሳ ስለ አሜሪካ ወረራ ሳልናገር አላልፍም። ወረራው ባይኖር አይሲስ በዚያ መልኩ ባልተፈጠረ የሚሉት ትክክል ናቸው። በሜይ 2003 የአሜሪካው አስተዳዳሪ ፖል ብሬመር ሁለት ትዕዛዞች አወጣ። በአንዱ የሳዳም ገዥ ፓርቲ የነበረውን የኢራቁን ባዝ ፓርቲ አባላት ከሥራ አባረረ። በሌላው ጦሩን በተነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ያለ ደመወዝና ያለ ክብር እቤቱ ተላከ።

ግን የተበተነው ሰው ምን ዓይነት ሙያ ይዞ እንደተበተነ ማየት አለብን። ሐጂ በክር የሚባለው ሰው በሳዳም ጊዜ የአየር መከላከያ የስለላ ኮሎኔል ነበር። በኋላ ከአይሲስ ዋና አቀናጆች አንዱ ሆነ። በጃንዋሪ 2014 ሲገደል በእጅ የተጻፉ ዕቅዶች ተገኙ። ወደ አንድ መንደር ሲገባ የትኛው ቤተሰብ ኃያል እንደሆነ፣ ገቢያቸው ከየት እንደሆነ፣ በምን ነውር ማስፈራራት እንደሚቻል አጥኑ የሚል መመሪያ ነው። ይህን ሳነብ የደነገጥኩት በአዲስነቱ አልነበረም። ሳዳም አገሩን ይገዛበት የነበረው ዘዴ ራሱ ነው። አይሲስ ከመንበሩ የወረደውን የስለላ ሥርዓት ተረክቦ ሌላ ባንዲራ ሰቀለበት። ሳዳም ቢኖር አይሲስ አይኖርም የሚለው ሰው ይህን ቢያይልኝ እወዳለሁ።

ኢራቅ መውጫም አግኝታ ነበር። ከ2006 ጀምሮ በምዕራብ ኢራቅ ያሉት የአንባር የሱኒ ጎሣዎች የአልቃይዳ ጭካኔ ሲበዛባቸው መሣሪያቸውን ወደ እሱ አዞሩ። «ሳህዋ» ይባሉ ነበር፤ መነቃቃት ማለት ነው። ቁጥራቸው ወደ 100 ሺህ ደረሰ። ከአሜሪካ ጦር ጋር ሆነው አልቃይዳን ከከተሞቹ አስወጡ። በምላሹ የጠበቁት ሥራና ወደ ጸጥታ ኃይሉ መካተት ነበር። የሺዓው ጠቅላይ ሚኒስትር ኑሪ አል ማሊኪ መንግሥት ግን አብዛኞቹን ገፋቸው። የአሜሪካ ጦር በዲሴምበር 2011 ወጥቶ ሳያበቃ በሱኒው ምክትል ፕሬዚዳንት ላይ የእስር ማዘዣ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ የሱኒ ከተሞች በሰላማዊ ሰልፍ ተሞሉ። ኤፕሪል 23 ቀን 2013 የጸጥታ ኃይሎች የሐዊጃን ሰልፈኞች ድንኳን ወረሩ፤ በርካታ ሰዎች ሞቱ። በሰልፍ እንሞክር ያለው ሽማግሌ ከዚያ ቀን በኋላ ለወጣቱ የሚለው አልነበረውም።

ትልቋ የኢራቅ ከተማ ሞሱል በጁን 2014 በአይሲስ እጅ ስትወድቅ ከተማዋን ይጠብቃል የተባለው ጦር ከአጥቂዎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ በወረቀት ላይ። ከወራት በኋላ አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሐይደር አል አባዲ በጦሩ ውስጥ ደመወዝ የሚከፈልባቸው፣ በሥፍራቸው ግን የሌሉ 50 ሺህ ወታደሮች እንዳሉ ተናገሩ። ነዋሪው ደግሞ ለዚያ ጦር የሚሞትበት ምክንያት አልነበረውም። ኬላ ላይ ሲያዋርደው የኖረ ጦር ነው። አይሲስን ወዶ አይደለም ያልተዋጋው። ከድጡ ወደ ማጡ እንደገባ የገባው ግን ዘግይቶ ነው፤ ያኔ ደግሞ መውጫ አልነበረም።

እስር ቤት እስር ቤት ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በኋላ የአልቃይዳ መሪ የሆነው አይመን አል ዘዋሂሪ ከፕሬዚዳንት ሳዳት ግድያ በኋላ በግብፅ እስር ቤት ዓመታት አሳልፎ ወጣ። የኢራቁን አልቃይዳ የመሠረተው አቡ ሙስዓብ አል ዛርቃዊ የዮርዳኖስ እስር ቤት ውስጥ የእስረኞች አለቃ ሆኖ በ1999 በምህረት ተፈታ። የአይሲስ መሪ የነበረው አቡበክር አል ባግዳዲ በ2004 ኢራቅ ውስጥ በአሜሪካኖች ካምፕ ቡካ ታስሮ ነበር። ያለ ፍርድ በጅምላ የሚታሰር ሰው ባለበት ቦታ፣ ተናድዶ የገባውን ልጅ አቅፎ የሚያስተምረው ተደራጅቶ የገባው ነው።

ነገሩ በምርጫ የማያምኑ አገሮች ብቻ ጉዳይ እንዳይመስል ናይጄሪያን ላንሳ። በ2009 ናይጄሪያ ምርጫ የምታካሂድ፣ ፕሬስ ያላት አገር ነበረች። ሰሜን ምሥራቅ ማይዱጉሪ ውስጥ የቦኮ ሐራም መሪ ሞሐመድ ዩሱፍ ከጸጥታ ኃይሎች ጋር ተጋጨ፤ በዚያ ጁላይ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። ጦሩ ዩሱፍን በሕይወት ያዘው። ለፖሊስ አስረከበው። በሰዓታት ውስጥ በፖሊስ እጅ እያለ ተገደለ። ዩሱፍ የሚሰብከው ትምህርት ጎጂ ነበር፤ ይህን አልሸፋፍንም። ፍርድ ቤት ቆሞ ቢሆን ግን ትምህርቱ በአደባባይ ይመረመር ነበር። ያለ ፍርድ ሲገደል ተከታዮቹ ሰማዕት አደረጉት፤ ቦታውን የያዘው አቡበከር ሼካው ደግሞ ከእሱ የባሰ ነበር። በኤፕሪል 2014 ከቺቦክ 276 ተማሪ ሴቶች የታፈኑት በሼካው ዘመን ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2017 ባወጣው የአፍሪካ ጥናት እነዚህን ቡድኖች በፈቃዳቸው የተቀላቀሉ ሰዎችን የመጨረሻው ገፊ ምክንያት ምን እንደነበር ጠይቆ ነበር። 71 በመቶው የመንግሥት ድርጊት ነው አሉ፤ የዘመድ ወይም የጓደኛ መገደል፣ መታሰር። በ2023 በተደገመው ጥናት ደግሞ ዋና ምክንያቴ ሥራ ማጣት ነው ያለው 25 በመቶ ሲሆን ሃይማኖት ነው ያለው 17 በመቶ ነበር። አንድ ወታደር በአንድ ቀን ቁጣ የሚተኩሰው ጥይት ስንት ወንድምና ስንት የአክስት ልጅ ወደ ጫካ እንደሚልክ የሚያስብ አዛዥ ቢኖር ብዬ እመኛለሁ።

ሶማሊያ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል፤ የዳኝነት ረሃብ። ሲያድ ባሬ በ1969 ሥልጣን ያዘ። በ1975 የቤተሰብ ሕጉን የተቃወሙ አሥር የሃይማኖት አባቶችን ረሸነ። በ1988 ሃርጌሳን በአየር ደበደበ፤ አውሮፕላኖቹ የሚነሱት ከራሷ ከከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። በ1991 ሲባረር ያቆየው የሚተማመንበት ፍርድ ቤት፣ ሁሉን የሚያቅፍ ፓርቲ አልነበረም። የቀረው ጎሣውና ጠመንጃው ነው። የጦር አበጋዞች አገሩን ተከፋፈሉት። ነጋዴው በየኬላው እየተገፈፈ ሰነበተ። ሞቃዲሾ ውስጥ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የበቀሉት ለዚህ ነው፤ ሌባ የሚቀጣ፣ ውል የሚያስከብር ሰው ስለተፈለገ። በጁን 2006 ከተማዋን ሲቆጣጠሩ ብዙ ሰው እፎይ አለ።

አልሸባብ ያኔ በእነዚህ ፍርድ ቤቶች ኅብረት ውስጥ ያለ ጠንካራ ነገር ግን ትንሽ ክንፍ ነበር። በዲሴምበር 2006 የኢትዮጵያ ጦር ገባ፤ የፍርድ ቤቶቹ ኅብረት በሳምንታት ተበተነ። ለዘብተኞቹ፣ እነ ሼክ ሸሪፍ አህመድ፣ ተሰደዱ። ለመዋጋት የቀረው አልሸባብ ነበር፤ የአገር ተከላካይ የሚል ስምም አገኘ። ጦሩ በጃንዋሪ 2009 ሲወጣ ሸሪፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ አልሸባብ ግን በዚያ ጊዜ ደቡቡን በሰፊው ይዞ ነበር። ይህን የምጽፈው የተሰለፈውን ወታደር ለማሳነስ አይደለም። ጎረቤት ያለው ስጋትም የተፈጠረ አልነበረም። ሆኖም መሃል ያለው ሲበተን ጫፍ ላይ ያለው ይወርሳል። ዛሬ አልሸባብ ነጋዴውን ግብር ያስከፍላል፤ መንግሥት በሚቆጣጠራት ሞቃዲሾ የሚኖር ሰው እንኳ የመሬት ክርክሩን ይዞ እሱ ፍርድ ቤት የሚሄድበት ጊዜ አለ። ቡድኑን ይጠላዋል። በኦክቶበር 2017 በአንድ የመኪና ቦምብ ወደ 600 የሚጠጋ ሰው ያለቀባት ከተማ ናት። ፍርዱ ግን ቶሎ ይወጣል፣ በጉቦም አይቀለበስም ብሎ ይሄዳል።

ሊቢያን እንደ ሌሎቹ ተረጋግቼ መጻፍ አልችልም። በኤፕሪል 2015 ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በአይሲስ እጅ ሲገደሉ ያሳየውን ቪዲዮ የሰማነው ሁላችንም ነን። እንጀራ ፍለጋ የወጡ ልጆች ነበሩ። ያን ሰሞን ማንም ስለ ምክንያትና ውጤት ማውራት አልፈለገም፤ እኔም አልፈለግሁም። ነፍሰ ገዳይ ነፍሰ ገዳይ ነው። ሐዘኑ ሲያልፍልኝ ግን አይሲስ እዚያ ባሕር ዳር እንዴት ሊደርስ እንደቻለ መጠየቅ ነበረብኝ።

ጋዳፊ ለ42 ዓመት ፓርቲ የሚባል ነገር ከልክሎ ገዛ። በ1996 በትሪፖሊው አቡ ሳሊም እስር ቤት ወደ 1,200 እስረኞች እንደተገደሉ ይነገራል። ቤተሰቦቻቸው ሞታቸውን ሳይሰሙ ለዓመታት ስንቅ ይዘው ይመላለሱ ነበር። በፌብሩዋሪ 2011 ቤንጋዚን ያስነሳው የእነዚያ ቤተሰቦች ጠበቃ መታሰር ነው። ጋዳፊ ሲወድቅ ደግሞ ያቆየው ተቋም ስላልነበረ አገሩ የሚሊሻ ሆነ። በ2014 ሁለት መንግሥት፣ ሁለት ጦር ተፈጠረ። ሁለቱ ሲታኮሱ አይሲስ ሲርትን ያዘ። ልጆቻችንን ያገኛቸው የማንም ባልነበረው በዚያ ምድር ላይ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ከባድ ጥያቄ አለ። ቱኒዚያስ? በ2011 አምባገነኗን ቤን አሊን አባራ ምርጫ አካሄደች፤ ፕሬሷ ነፃ ሆነ። ሆኖም በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶቿ ወደ ሶሪያ ሄዱ። ከፈረንሳይና ከቤልጂየም የሄዱም አሉ። ስለዚህ ጭቆና ሁሉንም ይገልጻል የሚል ሰው አያሳምነኝም። አስተሳሰቡ ራሱ ኃይል አለው። ሰባኪው አለ፣ ኢንተርኔቱ አለ፣ ጀብዱ ፍለጋ አለ። ደግሞም በዳርዓና በማይዱጉሪ የተበደለው አብዛኛው ሰው ማንንም አልገደለም፤ ያ ሕዝብ ምስጋና ይገባዋል። የቱኒዚያን ነገር ሳስብ የሚታየኝ ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ከነፃ አገር ወጡ፣ የሄዱት ግን ወደ ጦርነት ነው። ቱኒዚያ ውስጥ አክራሪዎቹ ገደሉ፣ ቱሪስት ጨፈጨፉ፤ አንድ ከተማ ግን መግዛት አልቻሉም። በማርች 2016 ቤን ጋርዳንን ሊይዙ ሲሞክሩ ነዋሪው ከወታደሩ ጎን ቆሞ አባረራቸው። የሞሱልን ቀን ከቤን ጋርዳን ቀን ጋር አስተያይቼ ሳየው ልዩነቱ ሕዝቡና ወታደሩ እንዴት ይተያዩ እንደነበር ላይ ነው።

ረጅሙ ክር ግን አልጄሪያ ላይ ይጀምራል። በዲሴምበር 1991 የመጀመሪያው ዙር የፓርላማ ምርጫ እስላማዊው ግንባር ከተወሰኑት 231 መቀመጫዎች 188ቱን አገኘ። በጃንዋሪ 1992 ጦሩ ምርጫውን ሰረዘ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሰሃራ በረሃ ወደሚገኙ ካምፖች ተጋዙ። ያ ግንባር ቢያሸንፍ አገሩን ወዴት ይወስድ እንደነበር ብዙ አልጄሪያውያን ይፈሩ ነበር፤ ልክም ሊሆኑ ይችላሉ። የሆነው ግን የታወቀ ነው። በምርጫ እንሂድ ያሉት ሲታሰሩ፣ ምርጫ ራሱ ኃጢአት ነው ይሉ የነበሩት ጫካ ገቡ፤ «አላልናችሁም?» የሚል ቃልም አገኙ። ከ150 ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ጋዜጠኛው ታደነ። መንደሩ በሌሊት ታረደ።

ከዚያ ጦርነት የተረፈ አንድ ቡድን ወደ ሰሃራ ወረደ፤ በ2007 ስሙን ወደ እስላማዊ ማግሪብ አልቃይዳ ቀየረ። በ2012 ማሊ ውስጥ ጦሩ መፈንቅለ መንግሥት ሲያደርግ፣ ከሊቢያ የፈሰሰውም መሣሪያ ሲደርስ፣ እነዚህ ሰዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ቲምቡክቱን ያዙ። በ2017 የሰሃራው ክንፍ ከማሊ ቡድኖች ጋር ተዋህዶ ዛሬ ሳህልን የሚያምሰው ኅብረት ተመሠረተ። በማሊ ዋና ከተማ ባማኮ በ2020 እና በ2021 ሁለት መፈንቅለ መንግሥት ተደረገ። በማርች 2022 የማሊ ጦርና የውጭ አጋሮቹ ሙራ የምትባል መንደር ገብተው ቢያንስ 500 ሰው እንደገደሉ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ ዘግቧል። በሜይ 2025 ወታደራዊው መንግሥት የፖለቲካ ፓርቲዎችን በሙሉ አፈረሰ። ታጣቂዎቹ ደግሞ አልቀነሱም፤ ዋና ከተማዋን ራሷን ማስጨነቅ ጀምረዋል።

ስለዚህ የማሊን ዜና ስከፍት ስንት ታጣቂ ተደመሰሰ የሚለውን ቶሎ አልፈዋለሁ። የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። በዚህ ሳምንት የታሰረ ጠበቃ አለ? የተዘጋ ጋዜጣ አለ? ሙራ ላይ ልጁን ያጣ አባት ክሱን ይዞ የሚሄድበት ፍርድ ቤት ተገኘለት? እንዲህ ያለው ዜና በሁለት መስመር ነው የሚጻፈው፤ ብዙ ጊዜም ጭራሽ አይጻፍም።